ያበጠ ቀለህ፦ ልኩ ይመለሳል፣ ጥንካሬውስ?

አሜሪካ ውስጥ የተኩስ መለማመጃ ቦታ ብትሄዱ መሬቱን በቀለህ ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ። ብዙው ሰው ረግጦት ያልፋል። አንዳንዱ ደግሞ ጎንበስ ብሎ በባልዲ ይለቅማል። ለቃሚው ግቢ እያጸዳ አይደለም። ቤቱ ወስዶ ያጥበዋል፤ አዲስ ማቀጣጠያና ባሩድ ይጨምርበታል፤ እርሳስ ይገጥምለትና መልሶ ይተኩሰዋል። እዚያ አገር ይሄ የቆየና ሕጋዊ የትርፍ ጊዜ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 ጥይት ከሱቅ ጠፍቶ ዋጋው ጣሪያ ሲነካ ደግሞ ጀማሪው በዛ።

ጀማሪ ቶሎ የሚገጥመው ጥያቄ አለ። ከለቀመው ቀለህ መሃል ከታች በኩል ቦርጭ ያወጣ ያገኛል። ይሄን በመሣሪያ ጨምቆ ወደ ልኩ መመለስ ይቻላል? ከተመለሰ በኋላስ መተኮሱ አያሰጋም?

መመለስ ይቻላል። መሣሪያው የሚመልሰው ግን ልኩን ነው፤ ጥንካሬውን አይደለም። ሰው እጁን የሚጎዳው ሁለቱን አንድ አድርጎ ሲያይ ነው። ለምን እንደሆነ ከመሠረቱ እንየው።

ቀለህ ሥራው ምንድን ነው?

አንድ የሽጉጥ ጥይት አራት ክፍል አለው። ከፊት እርሳሱ አለ፤ ተወርውሮ የሚሄደው እሱ ነው። ውስጥ ባሩዱ አለ። ከኋላ፣ ቂጡ መሃል ላይ፣ ፕራይመር የምትባል ትንሽ ክብ ቆብ አለች፤ የሽጉጡ መርፌ ሲመታት እሳት ትተፋለች። ሦስቱን አቅፎ የያዘው ቀለሁ ነው። ከአራቱ በዋጋ ውዱም፣ ደጋግሞ የሚያገለግለውም እሱ ብቻ ነው። የሚለቀመው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ በምኒልክ ዘመን ጥይት ራሱ ገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ስለዚህ ለቀለህ መሳሳት ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም።

ቀለህ ማሸጊያ ብቻ ይመስላል። ዋናው ሥራው ግን ጋዝ መዝጋት ነው። ባሩዱ ሲቀጣጠል ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ ጋዙም በየአቅጣጫው ይገፋል። ለ9 ሚሊሜትር ሉገርም ሆነ ለ.40 ካሊበር ጥይት የአሜሪካ አምራቾች ደረጃ የሚፈቅደው ከፍተኛ ግፊት 35,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው። የመኪና ጎማ ውስጥ የሚሞላው አየር 35 ገደማ ነው። ሺህ እጥፍ ማለት ነው፤ ያውም መዳፍ ውስጥ።

በዚያች ቅጽበት የቀለሁ ስስ ግድግዳ ይለጠጥና በዙሪያው ያለውን ብረት ይደገፋል። ብረቱ ቻምበር ይባላል። የበርሜሉ የኋላ ጫፍ ነው፤ ጥይቷ ገብታ የምትቀመጥበት ጎሬ። ቀለሁ ቻምበሩ ላይ ሲጣበቅ ጋዙ ወደ ኋላ መውጫ ያጣል። የቀረው መንገድ እርሳሱን ወደፊት መግፋት ብቻ ነው። ግፊቱ ሲወርድ ቀለሁ ትንሽ ይኮማተራል፣ ከብረቱ ይላቀቃል፣ ተስፈንጥሮም ይወጣል።

የጥይት ቀለህ በአብዛኛው ከናስ ይሠራል፤ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ። ናስ የተመረጠው ተለጥጦ ሊመለስ ስለሚችል ነው። ውፍረቱ ግን ሁሉም ጋ እኩል አይደለም። የታችኛው ክፍል ድፍን ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በላይ ግድግዳው እየሳሳ እየሳሳ ወደ አፉ ይሄዳል። ጉዳያችን ያለው ድፍኑ አልቆ ስሱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው።

እና ለምን ያብጣል?

ቻምበሩ ቀለሁን ዙሪያውን ሙሉ ቢይዘው ኖሮ ቦርጭ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ግን ጥይቷ ከካዝናው፣ ጥይት ከሚደረደርበት የሽጉጡ ክፍል፣ ወጥታ ወደ ቻምበሩ መግባት አለባት። ለዚህ ሲባል ከቻምበሩ አፍ በታች በኩል ተዳፋት ይቆረጣል፤ ጥይቷ በእሱ ላይ ተንሸራታ ትገባለች። ተዳፋቱ ጠለቅ ሲል ጥይት ሳይሰነቀር ይገባል። በዚያው ልክ ግን የቀለሁ የታችኛው ጎን ደጋፊ ብረት ያጣል። ግፊቱ ሲመጣ ናሱ ወደ ባዶው ቦታ ይገፋል። ቦርጩ በአንድ ጎን ብቻ፣ ከቂጡ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

ነገሩ በስፋት የታወቀው በ.40 ካሊበር ነው፤ ታሪኩም አጭር አይደለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ (ኤፕሪል) 11 ቀን 1986 የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ፣ የኤፍቢአይ፣ መርማሪዎች ማያሚ አካባቢ ከሁለት ዘራፊዎች ጋር ተታኮሱ። ሁለት መርማሪዎች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ። ቢሮው የያዝነው ጥይት አቅም አንሶታል ብሎ ሌላ ፍለጋ ገባ። መጀመሪያ 10 ሚሊሜትር የሚባለውን መረጠ። እሱ ደግሞ ርግጫው ለብዙ መርማሪ ከበደ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰንና ዊንቸስተር የተባሉት ኩባንያዎች ያንኑ ጥይት አሳጥረው እ.ኤ.አ. በጥር (ጃንዋሪ) 1990 .40 ካሊበርን ይዘው ብቅ አሉ። ሽጉጥ ሠሪው ግሎክ በ9 ሚሊሜትር ሽጉጡ መጠን ላይ ይህን ጥይት የሚተኩስ ሞዴል ወዲያው አወጣ። የአሜሪካ ፖሊስ ጣቢያዎችም ተሻምተው ገዙት።

የመጀመሪያዎቹ የግሎክ .40 በርሜሎች ከታች በኩል ለቀቅ ያሉ ነበሩ። ጥይቱ ደግሞ ከፍተኛ ግፊት አለው። ስለዚህ ከእነሱ የሚወጣው ቀለህ በአብዛኛው ሆዱ ወጣ ያለ ሆነ። ተኳሾችም «የግሎክ እብጠት» አሉት። እኔ ስሙ ትንሽ ፍርደ ገምድል ነው ባይ ነኝ። ሌሎች ሽጉጦችም ያሳብጣሉ። ግሎክም በኋላ ያወጣቸው በርሜሎች የተሻለ ድጋፍ አላቸው። ስም ግን አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።

ኤፍቢአይ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ ወደ 9 ሚሊሜትር ተመልሷል። ብዙ ፖሊስ ጣቢያም ተከትሎታል። የድሮዎቹ .40 ሽጉጦች ግን በርካሽ ለሕዝብ ተሽጠው አሁንም ይተኮሳሉ።

ከቻምበሩ ሌላም ምክንያት አለ። ባሩዱ ከልክ በላይ ከበዛ ደህና ቻምበር ያለው ሽጉጥም ያሳብጣል። ስላይዱ፣ ማለትም ወደ ኋላና ወደፊት የሚንሸራተተው የላይኛው ክፍል፣ ጠቅልሎ ሳይዘጋ ጥይቱ ከፈነዳም ያብጣል፤ ይሄ የባሰው ነው። አንዳንድ ረጃጅም የሽጉጥ ጥይት ተኳሽ መሣሪያዎችም ግፊቱ ገና ሳይወርድ ይከፈቱና ቀለሁን አስፍተው ይተፉታል። ውድድር ላይ ደግሞ አንዳንዶች ሆን ብለው 9 ሚሊሜትርን ከመደበኛው ደረጃ በላይ ሞልተው ይተኩሳሉ። የውድድር ሜዳ ላይ የተገኘ የ9 ሚሊሜትር ቀለህ ላይ ተጠራጣሪ መሆን አይከፋም።

እብጠት ሁሉ ያው አይደለም?

አይደለም። ጀማሪ በከንቱ የሚደነግጥበትም፣ መደንገጥ ሲገባው የሚያልፈውም እዚህ ላይ ነው።

እርሳስ ከተገጠመ በኋላ ቀለሁ እርሳሱ ባለበት ቦታ ትንሽ ወፈር ብሎ ከሥሩ ቀጠን ይላል። ይሄ ጤነኛ ነው። እንዲያውም ቀለሁ እርሳሱን ጥብቅ አድርጎ መያዙን ያሳያል። አፉ አካባቢ ክብ ሽብሽብ ከታየ ግን አፉን የሚያጠብቀው መሣሪያ ከልክ በላይ ተጭኗል ማለት ነው። የሚስተካከለው መሣሪያው ነው።

ከታች፣ በአንድ ጎን ያለው ቦርጭ የዛሬው ርዕሳችን ነው። ከእሱ የሚብስ አንድ አለ። ድፍኑ ቂጥ ራሱ ሲሰፋ። ይሄን በዓይን ማየት ይከብዳል፤ ፕራይመር ሲገጠም ግን ይታወቃል። ጤነኛ ቀለህ ላይ ፕራይመር የምትገባው በእጅ የሚሰማ ጫና ተደርጎ ነው። ያለምንም ትግል ሸርተት ብላ ከገባች፣ ቀለሁ አንድ ጊዜ ከአቅሙ በላይ ግፊት አይቷል። እሱን የትኛውም መጭመቂያ መሣሪያ አያድነውም። ወደ ቁርጥራጭ።

የተለመደው ዳይ ለምን አይበቃውም?

ቀለህ ከተተኮሰ በኋላ ሁሌም ይሰፋል፤ ያላበጠውም። ስለዚህ እንደገና ከመሞላቱ በፊት ዳይ የሚባል ጠንካራ ቀለበት ያለው መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ይጠባል። የሽጉጥ ዳይ ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ ከካርባይድ ነው፤ ከብረት በጣም የሚጠነክር ነገር። ቀለሁ ቂጡን መያዣ ላይ አድርጎ ይቆማል፤ በእጅ የሚሳብ ፕሬስ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ዳዩ ይጨምቀዋል።

ችግሩ ሁለት ነው። መያዣው የቀለሁን ጠርዝ ስለያዘ ዳዩ እስከ ታች አይወርድም። የዳዩ አፍም ቀለሁን ሳይፍቅ እንዲያስገባ ሰፋ ተደርጎ ተሞርዷል። በዚህ ምክንያት ከታች ጥቂት ሚሊሜትር ሳይነካ ይቀራል። ቦርጩ ያለው ደግሞ እዚያው ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ቀለህ ተሞልቶ ለቀቅ ያለ ቻምበር ውስጥ ይገባል። ጠበብ ያለ ቻምበር ያለው ሽጉጥ ውስጥ ግን ይሰነቀራል። ስላይዱ መንገድ ላይ ይቆማል። ተኳሹ ተናዶ በመዳፉ ይመታዋል። ይሄን አታድርጉ። ያልገባ ጥይት ያልገባበት ምክንያት አለው፤ በጉልበት ማስገባት ሳይዘጋ ለሚፈነዳ ሽጉጥ በር መክፈት ነው።

መፍትሔ ተብሎ የመጣው ቀለሁን ከታች ገፍቶ በዳዩ በኩል በላይ ማስወጣት ነው። መያዣ የለም። ዘንግ ቂጡን ይገፋል፤ ቀለሁ ሙሉ ቁመቱ በቀለበቱ ውስጥ ያልፋል። ሊ የተባለው የአሜሪካ መሣሪያ ሠሪ ለዚህ የሚሆን ርካሽ ዕቃ አለው። ሬዲንግ የተባለውም ለ.40 የሠራው አለ። ከዚህ በጣም ውድ የሆኑ፣ ቀለሁን በሁለት ብረት መሃል እያንከባለሉ የሚያስተካክሉ ማሽኖችም አሉ።

ለየትኛው ጥይት ይሆናል?

በቀለበት ውስጥ አሳልፎ ማውጣት የሚሠራው ቀጥ ላለ ቀለህ ነው። የ.40 ካሊበር ቀለህ ከታች 10.77 ሚሊሜትር፣ አፉ ላይ 10.74 ነው። ቀጥ ያለ ነው ማለት ይቻላል። 10 ሚሊሜትሩም፣ .45 ኤሲፒም፣ .380ውም እንዲሁ።

9 ሚሊሜትር ሉገር ግን ሾጠጥ ያለ ነው። ከታች 9.93፣ አፉ ላይ 9.65 ገደማ። ከታቹ እንዲመጥን የተሠራ ቀለበት አፉን አይነካውም፤ አፉን እንዲመጥን የተሠራ ደግሞ ታቹን ከልክ በላይ ይጨፈልቀዋል። ያበጠ 9 ሚሊሜትር ሲያጋጥማችሁ ቀላሉ መንገድ መጣል ነው። ቀለሁ እንደ አሸዋ ሞልቷል፤ ለአንድ ፍሬ መሟገት ዋጋ የለውም።

ጠርዙ ከሰውነቱ የሚሰፋ የሪቮልቨር ቀለህ ጨርሶ በቀለበት አያልፍም። አንገት ያለው .357 ሲግም አይሆንም።

ልኩ ከተመለሰ ታዲያ ምን ይጎድለዋል?

አንድ ሽቦ ወዲያ ወዲህ እጠፉት። መጀመሪያ በቀላሉ ይታጠፋል፤ ከዚያ እየጠነከረ ይመጣል፤ በመጨረሻ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ናስም ይሄው ነው። በተለጠጠና በተጨመቀ ቁጥር ይደርቃል፤ በደረቀ ቁጥር ይሰባበራል። ቦርጭ ያወጣ ቀለህ አንድ ቦታው ላይ ከሌላው ሰውነቱ በላይ ተለጥጧል። ስንጨምቀው ደግሞ በተቃራኒው እናጥፈዋለን። ሲወጣ ያብለጨልጫል፣ ልኩም ትክክል ነው። ያ ቦታ ግን የበፊቱ ናስ አይደለም።

በሚቀጥለው ተኩስ ቀለሁ ቻምበር ውስጥ በየት በኩል ዞሮ እንደሚቀመጥ ማንም አያዝዘውም። የደከመው ጎኑ በብረት ተደግፎ ሊያርፍ ይችላል። ልክ ድጋፍ የሌለው ተዳፋት ላይም ሊያርፍ ይችላል። እንዲህ ሆኖ ሲፈነዳ ጋዙ በሆዱ ቀዶ ይወጣል፤ ወደ ታች፣ ወደ ካዝናው። ካዝናው ተወርውሮ ይወድቃል ወይም ይሰነጠቃል። የሽጉጡ መያዣ ጎን ይሰበራል። የናስ ፍንጣሪ ወደ ተኳሹ ፊት ይረጫል። ብዙ ሰው በደነዘዘ እጅና በድንጋጤ ያመልጣል። ሁሉም ግን አያመልጥም። የተኩስ መነጽር ማድረግ ለቅንጦት አይደለም።

«ታዲያ በእሳት አለስልሼ ድርቀቱን ላጥፋለት» የሚል አይጠፋም። የጠመንጃ ቀለህ የሚሞሉ ሰዎች አንገቱን በእሳት ያለሰልሳሉ፤ እውነት ነው። አንገቱን ብቻ። የቀለህ ቂጥ ፋብሪካው ሆን ብሎ ጠንካራ አድርጎ ነው የሚተወው፤ ግፊቱን የሚሸከመው እሱ ነውና። ቂጡን ያሞቀ ሰው ቀለሁን ልስልስ አድርጎ ለፍንዳታ አዘጋጀው ማለት ነው። የሽጉጥ ቀለህ ደግሞ አጭር ስለሆነ አፉን ስታሞቁ ቂጡም ይሞቃል። እሳት የሚባል ነገር እዚህ ሥራ ውስጥ አይግባ።

የትኛው ይጣል፣ የትኛው ይዳን?

አንድ ቀለህ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ያዙ። ቁመቱን ወደ መብራት አዙሩና ቀስ እያላችሁ አሽከርክሩት። ቦርጩ ለስላሳ ከሆነ ብርሃኑ በላዩ ላይ ሳይቆራረጥ ይንሸራተታል። የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠርዝ ካለው ብርሃኑ እዚያች መስመር ላይ ይሰበራል። አሜሪካውያን ይችን ምልክት «ፈገግታ» ይሏታል፤ ቅርጿ ስለሚመስል። አሁን ጥፍራችሁን ከቂጡ ወደ አፉ ጎትቱት። መስመሩ ጥፍር ከያዘ ናሱ የተዳፋቱ ጠርዝ ላይ ተቆልምሟል፤ ከውስጥም ሳይሳሳ አልቀረም። ይሄ አይዳንም። ጨምቃችሁ ብታስተካክሉት እንኳ የምታደርጉት ምልክቱን መደበቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ እናንተም አታውቁትም።

ይሄ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ነጥብ ነው። ጨምቆ የማስተካከል ትልቁ አደጋ መጥፎውን ጥሩ ማስመሰሉ ነው። ስለዚህ ምርመራ የሚደረገው ከመጨመቅ በፊት ነው። ከተጨመቀ በኋላ ማየት ዘግይቶ ነው።

ጆሮም ይረዳል። ጥቂት የታጠቡ ቀለሆችን መዳፍ ላይ ስታንቀጫቅጩ ጤነኞቹ እንደ ሳንቲም ጥርት ብለው ይጮኻሉ። የተሰነጠቀ ካለ መሃላቸው ድምፁ ይደፈናል። እሱን ፈልጋችሁ አውጡ።

ለማዳን ከወሰናችሁ አካሄዱ እንዴት ነው?

መጀመሪያ ለይቶ መደርደር ነው። ቂጡ ላይ የተጻፈውን እያነበባችሁ በካሊበር ለዩ። 9 ሚሊሜትር ቀለህ .40 ውስጥ ገብቶ ይደበቃል፤ .380 እና 9 ሚሊሜትርም ለችኩል ዓይን መንትያ ናቸው። የብረትና የአሉሚኒየም ቀለህ ይወገድ። ማግኔት ለብረቱ ይበቃል።

ቀጥሎ ማጠብ። አሸዋ የያዘ ቀለህ ዳዩን ይጭራል፤ ቆሻሻው ስንጥቁንም ይሸፍናል። ከዚያ ከላይ ያልነው ምርመራ።

ያለፈውን ሁሉ ወደ ገፍቶ ማውጫው አትውሰዱ። መጀመሪያ በተለመደው ዳይ አጥብቡና ጌጅ ላይ ሞክሩት። ጌጅ ማለት የቻምበር ልክ ሆኖ የተቀረጸ የብረት ቀዳዳ ነው። ገባ? ጨርሷል፤ ሌላ ጭመቃ አያስፈልገውም። ናሱን ያለ ምክንያት ማልፋት እድሜውን ማሳጠር ነው። አልገባ ያለው ብቻ በገፍቶ ማውጫው ይለፍ።

እዚህ ላይ አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ። ገፍቶ የሚያወጣው ዘንግ የሚያርፈው ቀለሁ ቂጥ ላይ፣ ማለትም ፕራይመሯ ላይ ነው። ስለዚህ ያልተተኮሰ ፕራይመር ያለበትን ቀለህ በጭራሽ አታስገቡ። ባሩድና እርሳስ የተሞላ ጥይትማ አይታሰብም። በዚህ መንገድ የሚያልፈው የተተኮሰ፣ ባዶ ቀለህ ብቻ ነው። የተተኮሰችው ፕራይመር ብትኖርም ባትኖርም ችግር የለውም።

ካርባይድ ዳይ ያለ ቅባት ይሠራል ይባላል። ላበጠ ቀለህ ግን ጥቂት ቅባት እጀታውን በጣም ያቀልለዋል። እጃችሁ የሚነግራችሁን አዳምጡ። መደበኛው ቀለህ በእኩል ጫና ያልፋል። አንዱ ድንገት ከሌሎቹ ሁሉ የከበደ ከሆነ በሁለት እጅ አትንጠልጠሉበት። አውጡና ጣሉት። ቅባቱ ደግሞ ከመሞላቱ በፊት ተጠርጎ ይውጣ።

ከወጣ በኋላ ዘይት የሌለበት ንጹሕ ቀለህ እንደገና መብራት ሥር ይታያል፤ በተለመደው ዳይ ያልፋል፤ ጌጅ ላይ ይሞከራል። የተለመደው ዳይ የማይቀረው ገፍቶ ማውጫው ብቻውን አፉን ስለማያጠብ ነው። አፉ ከላላ እርሳሱ ሲጫን ወደ ውስጥ ይሰምጣል። እርሳስ ሲሰምጥ ባሩዱ የሚቃጠልበት ቦታ ይጠባል፣ ግፊቱም ይዘላል። .40 ካሊበር በዚህ ጉዳይ ላይ ትዕግሥት የለውም።

የመጨረሻው ዳኛ የራሳችሁ በርሜል ነው። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፣ ፍቱት፣ በርሜሉን ብቻ ያዙ። ቀለሁን ቻምበሩ ላይ ልቀቁት። በክብደቱ ብቻ ቀጭ ብሎ መቀመጥ፣ በጣት ሲሽከረከር መዞር፣ በርሜሉ ሲገለበጥ መውደቅ አለበት። በጣት መግፋት ካስፈለገ አላለፈም።

እንዲህ የዳነ ቀለህ ለብቻው ሳጥን ይኑረው። ለልምምድ፣ ከጥይት አሞላል መመሪያ መጽሐፉ መነሻ የባሩድ መጠን ሳታልፉ ሙሉት። በዚያው ሽጉጥ ተተኩሶ እንደገና ካበጠ ሁለተኛ ዕድል የለውም። ራስ መከላከያ ተብሎ ለሚያዝ ሽጉጥ ደግሞ የፋብሪካ ጥይት ይሻላል።

ሽጉጤ ሁሉንም ካሳበጠስ?

ያኔ ቀለሁን ትታችሁ ምክንያቱን ፈልጉ። የፋብሪካ ጥይት ስትተኩሱም ያብጣል? እንግዲያው ጉዳዩ ቻምበሩ ነው። የተሻለ ድጋፍ ያለው በርሜል መቀየር ወይም ሽጉጥ ጠጋኝ ማሳየት ነው። የሚያብጠው እናንተ የሞላችሁት ብቻ ከሆነ ባሩዱ በዝቷል ወይም እርሳሱ እየሰመጠ ነው። መተኮሱን አቁሙ፤ የቀሩትን አፍርሳችሁ መዝኑ።

ሰው የሞላውን ጥይት አለመተኮስም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የወዳጅ ስጦታም ቢሆን። ቀለሁ ስንት ጊዜ እንደተጨመቀ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ካወቀ ነው። አብዛኞቹ ሽጉጥ ሠሪዎች በመመሪያቸው ላይ እንደገና የተሞላ ጥይትን አይመክሩም፤ በእሱ የደረሰ ጉዳትንም ዋስትናቸው አይሸፍንም። ይሄን አውቃችሁ ግቡበት።

የእርሳሱ ብናኝስ?

እዚህ እርሳስ ስል የሚወረወረውን የጥይት ክፍል ሳይሆን መርዛማውን ብረት ነው። በብዙ ፕራይመሮች ውስጥ እርሳስ ያለበት ኬሚካል አለ። ሲተኮስ ጥላሸቱ ቀለሁ ውስጥ ይቀራል። ቀለህ በደረቅ ማጽጃ ሲንቀጠቀጥ ብናኙ አየር ላይ ይወጣል። በውሃ ማጠብ ይሻላል። ማጽጃውን ወጥ ቤት ውስጥ አታስቀምጡ። እዚያ ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት፣ ቆሎ መቆርጠም አይሆንም። ስትጨርሱ እጅ በሳሙና፣ ልብስም ለብቻው። ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ይሄ ከፍንዳታው የማያንስ ጉዳይ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለራሱ ጥይት የሚሞላ ሰው ፈቃድ አያስፈልገውም። ለመሸጥ ብሎ የሚሞላ ግን የአምራች ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ዓይነት 06 የሚባለው ሲሆን ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ነው። ግዛቶችና ከተሞች የየራሳቸው ተጨማሪ ደንብ ሊኖራቸው ስለሚችል የምትኖሩበትን ጠይቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ የጦር መሣሪያና የጥይት ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሥር የሚተዳደር፣ ፈቃድና ቁጥጥር ያለበት ነው። እዚህ የተጻፈው አገር ቤት ላለ ሰው የሥራ መመሪያ አይደለም።

የተጣለውስ የት ይጣላል?

ባልዲ ውስጥ እንዲሁ ከተጣለ ነገ ራሳችሁ መልሳችሁ ታነሱታላችሁ፤ ወይ ሌላ ሰው ያነሳዋል። አፉን በፒንሳ ጨፍልቁት። ከዚያ በኋላ ማንም አይሞላውም። ናስ ዋጋ ስላለው ቁርጥራጭ ብረት ገዢዎች በኪሎ ወይም በፓውንድ ይወስዱታል። ብዙዎቹ የሚጠይቁት መሃሉ ያልተተኮሰ ጥይት አለመኖሩን ነው። ስለዚህ ከመውሰዳችሁ በፊት እያንዳንዱን ቂጥ እዩ፤ የመርፌ ምት የሌለባት ፕራይመር ካለች ያቺን ለብቻ አውጡ።